አሮጌውን ሳታዩ አዲሱን አትግዙ
ስለ ፍሪሲዮን አመራረጥ ለባለንብረቶች፣ ለሾፌሮችና ለመካኒኮች የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ጉዳያችን ፍሪሲዮን ነው፤ ያለቀ ፍሪሲዮን ሲተካ የትኛው እንደሚገዛ። ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በስልክ ነው። መካኒኩ መኪናው ሥር ተኝቶ ይደውላል፤ ባለንብረቱ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያነሳል፤ ሻጩ ሦስት ካርቶን ደርድሮ ሦስት ዋጋ ይጠራል። «የቱን ልያዝ?» ይላል ባለንብረቱ። «መካከለኛውን ያዝ፣ ቶሎ ና ብቻ፤ መኪናው ተፈቶ ቆሟል» ይላል መካኒኩ። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ አንድም ሰው ያልጠየቀው ነገር አለ፤ የወጣው ፍሪሲዮን ለምን አለቀ?

እኔ ዛሬ የማስረዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትክክለኛው ፍሪሲዮን የቱ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚነግራችሁ ከመኪናው የወጣው አሮጌ ዲስክ ነው፤ ካርቶኑም ሻጩም ከእሱ በኋላ ይመጣሉ። አሮጌውን ሳይመረምር አዲስ የገዛ ሰው ያንኑ በሽታ ደግሞ ገዝቶ ይመለሳል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለመኪናም ይሠራል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ እሱ ያለው ሰው ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ቢቀር አይከፋኝም። መንገዱን ሞልቶ ሰውና እህል የሚያመላልሰው ግን አሁንም ባለማርሹ ነው፦ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ አባዱላው፣ ቅጥቅጡ፣ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ። እነዚህ መኪኖች በቀላሉ ስለማይተኩ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ፍሪሲዮናቸው ደጋግሞ ይቀየራል።

እስቲ አሠራሩን ባጭሩ እንየው። ሞተሩ እየዞረ ጎማው ቆሞ ሳለ ሁለቱን ሳያንገጫግጭ የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል። በሞተሩ ጀርባ ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ቮላኖ ነው። በቮላኖው ላይ ፕሬዠር ፕሌቱ በቡሎን ታስሯል። በሁለቱ መካከል በግራም በቀኝም ሸራ የለበሰው ዲስክ ይቀመጣል፤ ዲስኩ መሐል ላይ ባለው ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ተያይዟል። እግራችሁ ከፔዳሉ ሲነሳ የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ጨምቆ ይይዛል፤ ሁሉም አንድ ላይ ይዞራል። ፔዳሉን ስትረግጡ ኃይሉ በፍሬን ዘይት አማካይነት ከላይኛው ፖምፓ ወደ ታችኛው ይሄዳል፤ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይጫናል፤ ዲስኩም ነፃ ይሆናል።

አንድ ፍሪሲዮን ምን ያህል ጉልበት ያሳልፋል? ይህን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የሸራው የመያዝ ባሕርይ፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ግፊት፣ የዲስኩ ስፋት፣ እና የሚይዙት ገጾች ብዛት። አራቱን ማባዛት ነው። ለምሳሌ የውጭ ስፋቱ 240፣ የውስጥ ስፋቱ 160 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ እንውሰድ። ከመሐሉ እስከ ሸራው አማካይ ቦታ 100 ሚሊሜትር፣ ማለትም 0.1 ሜትር ነው። ፕሬዠር ፕሌቱ በ5,000 ኒውተን ይጫነዋል እንበል፤ ይህ 500 ኪሎ ገደማ ክብደት የሚያሳድረው ጫና ነው። የሸራው የመያዝ መጠን 0.3፣ ገጾቹ 2። ሲባዛ 300 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ብዙ ሚኒባሶች ላይ የምናውቀው ባለ 3 ሊትሩ 5ኤል የናፍጣ ሞተር የሚያወጣው ወደ 200 የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጣል፤ ይህ ትርፍ ሆን ተብሎ የተተወለት ነው።

አሁን በዚያው ሸራ ላይ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ይበልበት። የመያዝ መጠኑ ከ0.3 ወደ 0.15 ቢወርድ 300 የነበረው 150 ሆነ፤ ሞተሩ ግን አሁንም 200 ያወጣል። መኪናው ዳገት ላይ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። በዚህ ጊዜ አዲስ ፍሪሲዮን ገዝቶ ዘይት የሚያፈሰውን ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ሳይነኩ መግጠም ገንዘብን ዘይት ውስጥ መዝፈቅ ነው። እንግዲህ ያልኳችሁ ሂሳብ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሦስቱ ደህና ቢሆኑም አያድኑትም።

ፍሪሲዮንን የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ከያዘ በኋላ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ቢነዳ ሸራው አይበላም ማለት ይቻላል። የሚበላው ሲንሸራተት ነው። መኪና ሜዳ ላይ ከቆመበት ሲነሳ፣ መኪናው ያገኘውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ያህል ሙቀት ፍሪሲዮኑ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው በሁለተኛ ማርሽ መነሳት ጥፋት የሚሆነው። ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ድረስ መኪናው በአንደኛ ከሚደርስበት ፍጥነት ወደ እጥፍ የተጠጋ ፍጥነት ላይ መድረስ ስላለበት ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሾፌሩ አንድ ማርሽ መቀየር አተረፍኩ ብሎ የሦስት መነሻ ዕድሜ ይበላል።

ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰው የሞላ ሚኒባስ 3 ቶን ይሆናል ብለን፣ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ወረፋ ይጠብቃል እንበል። ሾፌሩ የእጅ ፍሬን አልያዘም፤ በፍሪሲዮን ባላንስ ይዞ፣ ነዳጅ እየነካ፣ መኪናውን አየር ላይ እንደ ሰቀለው ቆሟል። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር ዲስኩ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 5 ኪሎዋት ይደርሳል። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። ሾፌሩ ከምጣድ የሚበልጥ እሳት ሸራው ሥር ለኩሶ ሬዲዮ ያዳምጣል ማለት ነው።

ከፍታችንም የራሱን ድርሻ ያመጣል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው የሚመዝነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሾፌሩ ሲነሳ ሞተሩ ሊጠፋበት ስለሚል ዙሩን ከፍ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ መንሸራተቱ ይረዝማል። «የእኔ ቱርቦ አለው» የምትሉ አትኩሩ፤ ቱርቦ የሚነፋው ሞተሩ ዙር ካገኘ በኋላ ነው፤ ስትነሱ ከሌላው አትሻሉም። እንጦጦ የሚወጣ፣ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ፣ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ጭኖ የሚያልፍ መኪና፣ ፍሪሲዮኑ ሲሠራ ከታሰበለት ሜዳማ ሀገር የከበደ ሥራ ላይ ነው። ስንመርጥ ይህን እያሰብን እንመርጥ።

ወደ ግዢው ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ በእርግጥ ያለቀው ፍሪሲዮኑ ነው ወይ? ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት ደቂቃ የማይፈጁ ምርመራዎች አሉ። መኪናው በከፍተኛ ማርሽ ቀለል ያለ ዳገት ሲወጣ ነዳጅ ስጡት፤ የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ማርሽ አልገባ ካለ፣ በተለይ አንደኛና የኋላ ማርሽ እየተንጫጩ ከገቡ፣ ችግሩ ከዚያ ተቃራኒ ነው፤ ዲስኩ አልላቀቅ ብሏል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን ልክ፣ ቀጥሎ ላይኛውንና ታችኛውን ፖምፓ እዩ። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ማርሽ መግባት ከጀመረ ፖምፓው ነው፤ የሁለት ጎማ ቀለበት ለውጥ ሙሉ ፍሪሲዮን ከመቀየር ያድናችኋል።

ድምፅ ከሰማችሁ መቼ እንደሚሰማ ለዩ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያፏጭ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በዜሮ ማርሽ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ጮኾ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ሳይጠገን ፍሪሲዮን ቢቀየር ድምፁ አብሮ ይመለሳል። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪናም ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ አይደለም፤ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምርመራው ፍሪሲዮኑ ነው አለን፤ ካምቢዮው ወረደ። አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ሦስት ዲስኮች አስቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ሸራው በሁለቱም ገጽ እኩል ሳስቷል፤ የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው ገጽ ጋር እኩል ሊሆን ተቃርቧል። በቶዮታ መኪኖች ላይ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ገጽ ቢያንስ 0.3 ሚሊሜትር መግባት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዲስኩ አብቅቷል። ይህን በካሊፐር የጥልቀት መለኪያ ዘንግ መለካት ነው፤ ዓይን አይበቃም። ዲስኩን ገልብጬ አሳያችኋለሁ፤ መሐሉ ላይ ያሉት ሞላዎች አይንቀሳቀሱም፤ ጥርሱ ስለት አላወጣም፤ የተቃጠለ ሽታ የለውም። ይህ ፍሪሲዮን በዕድሜ ነው የሞተው። ለዚህ መኪና የሚገዛው ያንኑ ዓይነት፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ጥራት ነው። «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ማለት አያስፈልግም፤ የነበረው ሥራውን ጨርሷል።

ሁለተኛው ግራ የሚያጋባ ነው። ሸራው ገና ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ገጹ ጠቁሮ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ስትቧጥጡት ጥፍር ሥር ቅባት ይቀራል። አብሮት የወጣው ቮላኖ ጀርባ እርጥብ ነበር። ይህ ዲስክ ያለቀው በዘይት ነው፤ ገዳዩ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ወይም የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ ነው። የትኛው እንደሆነ ሽታው ይነግራችኋል፤ የካምቢዮ ዘይት ከናፍጣ ሞተር ዘይት ይልቅ ከረር ብሎ ይሸታል፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ጥቁር ነው። እዚህ የግዢ ዝርዝራችሁ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ፓራኦሊዮ ነው። ከፍሪሲዮኑ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ ቦታው ግን ካምቢዮ ካልወረደ አይገኝም።

ሦስተኛውን ለመረዳት ቮላኖውን አብራችሁ እዩት። ሸራው ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙ ተፈርፍሯል። ቮላኖው ላይ ደግሞ እነዚህን ሰማያዊ ነቁጦች ታያላችሁ? ብረት ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣው በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህ ፍሪሲዮን የተቃጠለ ነው። ማን አቃጠለው? ከሦስት አንዱ ነው። ሾፌሩ ዳገት ላይ በባላንስ ይቆማል፣ ወይም እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ይነዳል። ጭነቱ መኪናው ከሚችለው በላይ ነው። ወይም የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ጠፍቶ ኩሽኔታው ሞላውን ሁልጊዜ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ያኔ ፕሬዠር ፕሌቱ ሙሉ ጉልበቱን አያሳርፍም። ሦስቱም አዲሱን ፍሪሲዮን በዚያው ፍጥነት ያቃጥሉታል። ስለዚህ ባለንብረት ሆይ፣ ይህን ዓይነት ዲስክ ካየህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ከሾፌርህ ጋር ቁጭ ብለህ ተነጋገር፤ አትቆጣው፤ የት የት እንደሚቆምና ምን እንደሚጭን ጠይቀው።

አሁን ሱቅ ደርሰናል። ሻጩ «ለምን መኪና?» ሲላችሁ «ለሚኒባስ» ወይም «ለአይሱዙ» ብቻ አትበሉ። በአንድ ስም የሚጠራ መኪና እንደ ሞተሩና እንደ ስሪት ዓመቱ ከአንድ በላይ የፍሪሲዮን ልክ አለው። በዚያ ላይ ከእኛ መኪኖች ስንቱ ሞተሩ ተቀይሯል! ሊብሬው ላይ የተጻፈውና ሞተሩ ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ካልተመሳሰሉ ሞተሩ ላይ ያለውን ተከተሉ። ከዚያ አራት ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፦ የዲስኩ የውጭ ስፋት፣ የውስጥ ስፋት፣ የጥርሱ ብዛት፣ የዘንጉ ውፍረት። አምራቾቹም ካታሎጋቸው ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚጽፉት። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ዲስክ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መሄድና ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። መሐሉ ወደ የትኛው ጎን እንደሚወጣ፣ ቁመቱም ስንት እንደሆነ አብራችሁ እዩ፤ ስፋቱ ገጥሞ ይህ ካልገጠመ ዲስኩ ከቮላኖው ቡሎኖች ጋር ይላተማል።

ቀጥሎ የሸራው ዓይነት። አብዛኛው መኪና የሚጠቀመው ከቃጫ፣ ከሙጫና ከመዳብ ሽቦ የተሠራውን የተለመደውን ሸራ ነው። ለስላሳ አያያዝ አለው፤ ቮላኖ አይጎዳም፤ በከተማ ቆሞ ለሚነሳ መኪና ከሱ የተሻለ የለም። ሴራሚክ የሚባለው በቁራጭ በቁራጭ የተለጠፈ ነው፤ ሙቀት ይችላል፤ ይይዛልም። አያያዙ ግን ድንገተኛ ነው፤ ያዝ ለቀቅ የለውም። ሚኒባስ ላይ ብትገጥሙት ተሳፋሪው በየፌርማታው ግንባሩን ከፊት ወንበር ያጋጫል፤ ቮላኖውም ቶሎ ይበላል። ኬቭላር የሚባለው ዕድሜው ረጅም ሆኖ መለማመጃ ጊዜው ረጅምና ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ለአገልግሎት መኪና፣ ሚኒባስም ይሁን አይሱዙ፣ ምክሬ የተለመደው ሸራ ሆኖ በጥራት የተሠራው ነው።

«እንግዲያው ግፊቱ የበረታ ፕሬዠር ፕሌት ልግጠምበት» የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ፔዳሉ ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ የሚውል ሾፌር ጉልበቱ ይታመማል። ኩሽኔታውና ፖምፓው ከታሰበላቸው በላይ ይጫናሉ። ሞተሩ ውስጥ ያለው የክራንኩ የጎን ብሮንዝም ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ያንን ግፊት ይሸከማል። ከፋብሪካው ልክ በላይ የበረታ ፍሪሲዮን የሚያስፈልገው የሞተሩ ጉልበት ለተጨመረበት መኪና ነው። ጭነት ለበዛበት መኪና መድኃኒቱ ጭነት መቀነስ ነው።

ሙሉውን ልግዛ ወይስ ዲስኩን ብቻ? ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ አንድ ላይ ሲሸጡ ሙሉ ሴት ይባላሉ። ዲስኩ አልቆ ፕሬዠር ፕሌቱ ደህና የመሰለበት ጊዜ አለ። ደህና መሆኑን በሦስት ነገር እወቁ፦ ገጹ አልተሰነጠቀም፣ ሰማያዊ አልሆነም፣ የሞላው ጣቶች ኩሽኔታው በሚነካቸው ቦታ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አላወጡም። ቶዮታ ለጥልቀቱ የሚፈቅደው 0.6 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱንም ካለፈ ዲስክና ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ይቻላል። እኔ ግን ሙሉውን እመርጣለሁ፤ ያረጀ ሞላ ከአዲስ ሸራ ጋር ሲገጥም ዕድሜያቸው አብሮ አያልቅም፤ ለአንዱ ሲባል ካምቢዮ ሁለተኛ ይወርዳል። ኩሽኔታውን ግን ያለ ክርክር ቀይሩ።

በአሮጌው ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ስለማስመታት ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። 430 ሚሊሜትር ዲስክ ያለው ከባድ ጭነት መኪና ከሆነ ቁጠባው እውነተኛ ነው፤ ብረቱ ቀጥ ያለ፣ የመሐሉ ሞላ ያልላላ፣ ጥርሱ ያልተበላ ከሆነ ጥሩ ባለሙያ ሸራ መትቶ ሊያወጣው ይችላል። ከተመታ በኋላ ዲስኩ ዘንግ ላይ ገብቶ ሲዞር መወላገዱ ይለካ፤ ቶዮታ ለራሱ ዲስኮች ከ0.8 ሚሊሜትር በላይ አይፈቅድም። ለሚኒባስ ግን አልመክርም። የሚኒባስ ዲስክ ከከባዱ መኪና ዲስክ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ በሽራፊ ቁጠባ ሸራው በከፍተኛ ዙር ቢበተን ካምቢዮው ራሱ ሊሰበር ይችላል።

ቮላኖውን አትርሱት። ነቁጥ፣ ስንጥቅ ወይም ጎድጓዳ መስመር ካለው ቶርኖ ቤት ይሂድ። የቶርኖ ባለሙያው ሸራው የሚነካውን ገጽ ብቻ ልጦ ቢመልሰው ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበት ገጽ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ደረጃ ያለው ቮላኖ ከሆነ ሁለቱም ገጽ እኩል ይላጥ። አንዳንድ አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ደግሞ ቮላኖአቸው ውስጡ ሞላ ያለው፣ ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ ይህን ዓይነቱን የጀርመኑ ሉክ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው በብዛት ማምረት የጀመረው። እሱን እንደ ተራው ቮላኖ ቶርኖ ላይ አትጫኑት፤ ውስጡ ከላላ ይቀየራል እንጂ አይላጥም።

ወደ ስሞቹ እንምጣ። ለጃፓን መኪኖች ዋነኞቹ አይሲንና ኤክሰዲ ናቸው። አይሲን ከቶዮታ ቤተሰብ የሆነ ኩባንያ ነው። ኤክሰዲ እ.ኤ.አ. በ1950 ኦሳካ አካባቢ ሲመሠረት ዳይኪን ይባል ነበር፤ ስሙን የቀየረው በ1995 ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ፍሪሲዮናችሁ ላይ ዳይኪን ተጽፎ ሻጩ ኤክሰዲ ቢያወጣላችሁ ግራ አትጋቡ። ለአውሮፓ መኪኖች ዛክስ፣ ሉክና የፈረንሳዩ ቫሌዮ አሉ። ስም ግን ካርቶን ላይ ለማተም ቀላል ነው። ካርቶኑን ክፈቱ። ዕቃው ላይ የታተመው ቁጥርና ካርቶኑ ላይ ያለው አንድ ነው? የሪቬቶቹ ራስ እኩል ነው ወይስ አንዱ ገብቶ አንዱ ወጥቷል? የመሐሉን ሞላ በጣት ነቅንቁት፤ አዲስ ዲስክ ላይ የሚንኳኳ ከሆነ መልሱት። ሸራው ጠርዝ ላይ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል? ተመሳሳይ ልክ ካላቸው ሁለት ፕሬዠር ፕሌቶች አንዱ በግልጽ ከቀለለ ብረት ተቆጥቦበታል። ሻጩ ካርቶን አላስከፍትም ካለ ደግሞ ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ብቻ የለም።

የተመረጠው ዕቃ በገጠማ ሊበላሽ ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ለማታ ይድረስ ተብሎ የተገጠመ ፍሪሲዮን ለማለዳ ይመለሳል። መካኒኮች፣ አራት ነገር አደራ። አሮጌውን ብናኝ በኮምፕረሰር አትንፉት፤ ድሮ ሸራዎች በአስቤስቶስ ይሠሩ ነበር፤ ሳንባ የሚያበላሽ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል፤ የእናንተ መኪና ሸራ ከየት እንደመጣ ግን በዓይን አይታወቅም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለተኛ፣ ዲስኩን በመሐል ማስተካከያ ዘንግ አማክሉት፤ በግምት ከታሰረ ካምቢዮው አልገባ ብሎ ክብደቱን ዲስኩ ላይ ጥሎ ያጣምመዋል። ሦስተኛ፣ የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች ፊት ለፊት እያቀያየራችሁ ቀስ በቀስ እሰሩ። አራተኛ፣ የዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ የበዛው ሲሽከረከር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። ሾፌሮች ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ከባድ ጭነትና ሩጫ አታብዙ፤ ሸራውና ቮላኖው ገና እየተላመዱ ነው።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ። ሦስት ካርቶን ፊታችሁ ሲደረደር የምታወዳድሩት የካርቶኖቹን ዋጋ ከሆነ ርካሹ ያሸንፋል። ሂሳቡን አስፉት። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡባቸው። ርካሹ 10,000 ብር፣ ጥሩው 20,000 ብር ይሁን። የእጅ ዋጋ፣ ቶርኖ፣ ፓራኦሊዮና ሁለት ቀን የቆመበት ገቢ ተደምሮ ለሁለቱም 15,000 ይሁን። ርካሹ በጠቅላላ 25,000፣ ጥሩው 35,000 ወጣበት። ርካሹ 25,000 ኪሎሜትር ሄዶ ካለቀ በየኪሎሜትሩ 1 ብር በልቷል። ጥሩው 70,000 ከሄደ 50 ሳንቲም። ይህን ስሌት የሚሠራ ሰው ግን አንድ ነገር መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ፍሪሲዮኑ የተቀየረበትን ቀን፣ የኪሎሜትር ንባቡን፣ የዕቃውን ስምና ቁጥር፣ አሮጌው ለምን እንዳለቀ። ከሁለት ለውጥ በኋላ ያ ደብተር ከማንም ሻጭ የበለጠ ይመክራችኋል።

እንግዲህ የሦስት ወገን ሥራ ነው። መካኒኩ አሮጌውን ዕቃ ሳይጥል ለባለንብረቱ አሳይቶ ምክንያቱን ይናገር። ባለንብረቱ ምክንያቱን ሳይሰማ ገንዘብ አይቁጠር፤ ሲገዛም አራቱን ቁጥር ይዞ ይግዛ። ሾፌሩ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ በአንደኛ ይነሳ፤ ግራ እግሩን ከፔዳሉ ያውርድ። ከሦስቱ የመጨረሻው አንድ ብር አያስወጣም፤ የፍሪሲዮንን ዕድሜ ግን ከማንኛውም ካርቶን ይበልጥ የሚያረዝመው እሱ ነው።

 ጥያቄውን ከሾፌሮች እንጀምር፤ ዛሬ ብዙ ነገር ተብሎባችኋልና መልስ የመስጠት መብት አላችሁ።